የቅሬው ብስክሌት

እኔ የቅሬ ለፋፊ ነኝ። መርሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን ሰው ሲሞት ጥሩምባ በአንገቴ አንጠልጥዬ ከሰፈሩ እስከ ወንዙ ማዶ ያሉትን ጎጦች የማዳርሰው፣ ማን እንዳረፈና ቀብሩ መቼ እንደሆነ የምናገረው እኔ ነኝ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነን፤ ድንኳኑ አንድ፣ ድስቱ አንድ፣ መቃብሩ ብቻ ነው የሚለያየው። ሥራው ደሞዝ የለውም፤ ኑሮዬ ከጓሮዬ ማንጎና ሎሚ ነው። ግን በለፋፊነቴ እኮራለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሚስቴ "በሰው ሞት የሚኮራ አንተን ብቻ አየሁ" ትለኛለች። ትበል።

ጥሩምባው ከቅሬው ዕቃ ቤት ምስማር ላይ የሚወርደው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፄን ያልሰማ ሰው እንኳ ከሩቅ ጥሩምባውን አንገቴ ላይ ካየ ነገሩ ገብቶታል። ለፋፊን መንገድ ላይ አስቁሞ "ማን ሞተ?" ማለት በኛ ቅሬ ነውር ነው፤ ለፋፊ አይያዝም፣ ገና የሚደርስበት አለ። ያየ ሰው የያዘውን ጥሎ ዕቃ ቤቱ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ይመጣል፤ የሚሰማውን እዚያ ይሰማል።

ባለፈው ዓመት ማንጎ ሳወርድ ከዛፍ ወደቅሁና ጉልበቴ ተበላሸ። መራመድ እችላለሁ፣ ግን መንገዱ ከረዘመ ያብጥና አልታዘዝም ይላል። መጀመሪያ ባጃጆች ነበሩ፤ የሰፈራችን ልጆች ለቅሬ ጉዳይ ከሆነ ያለ ክፍያ ያደርሱኝ ነበር። ቀጥሎ ነዳጅ ጠፋና ባጃጁ ሁሉ ተገትሮ ቀረ። ስልክ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ኔትወርኩ አንድ ቀን ብቅ ብሎ ስንት ቀን ይጠፋል፤ ቢኖርስ፣ የትኛው ሽማግሌ ነው ማሳ ላይ ስልክ ይዞ የሚውል።

ያ ክፉ ቀን የመጣው በዚህ መሀል ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት ንጋት ላይ አረፉ። እስላም ናቸው፤ የእስላም ቀብር ደግሞ አይቆይም፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት ጋር አለቀ። ታላቅ ወንድማቸው የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ባለው መጨረሻው ጎጥ ነው። እያነከስኩ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ጎጥ አዳረስኩ፣ ሁለተኛውን አዳረስኩ፣ ወንዙ ጋ ስደርስ ጉልበቴ ቁርጥ አለ። መንገደኛ ለምኜ ላክሁ፤ መንገደኛው ግን በመንገደኛ እግር ነው የሄደው። ሽማግሌው የደረሱት ሰው ከመቃብር ሲመለስ ነው። እህታቸውን አፈር ሳያለብሱ ቀሩ። አልተቆጡኝም፣ አልሰደቡኝም። ብቻ ከዚያን ቀን ጀምሮ አያናግሩኝም፣ ሰላምታዬንም አይመልሱም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የቅሬው ሰብሳቢ አስጠሩኝ። ደግ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ዕቃ ቤቱ በር ላይ አቁመውኝ "እንግዲህ ልጄ፣ ብዙ አገለገልህ። ረመዳን ሳይገባ ቅሬው ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ጥሩምባውን ለሌላ አስረክበህ ዕረፍ" አሉኝ። ደሜ ፈላ። ዕረፍ የሚባለው ሰው እንዲህ እንደሚያመው አላውቅም ነበር። ላለመመለስ ብዬ ዓይኔን ወደ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሳዞር ብስክሌቷን አየኋት።

ሲሪንቃ ይሠራ የነበረ የቅሬያችን አባል ሲዛወር ትቷት የሄደ ብስክሌት ናት። ስንት ዓመት ሙሉ ድስትና ድንኳን ሳወጣ ሳገባ በአጠገቧ አልፌያለሁ፤ ለኔ ግን የጭልፋ መስቀያ ነበረች። መሪዋ ላይ የንፍሮ ማውጫ ጭልፋዎች ተሰቅለዋል፣ ኮርቻዋ ላይ ጆንያ ተጭኗል፣ ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀው ረግፈዋል፣ ብረቷ ሁሉ ቀይ ዝገት ሆኗል።

"እሷን ስጡኝ" አልኩ።

"የቷን?" አሉ ሰብሳቢው።

"ብስክሌቷን። ረመዳን ሳይገባ በሷ እዞራለሁ። ካልዞርኩ ጥሩምባውን በገዛ እጄ አመጣለሁ።"

ሰብሳቢው ሳቁ። "ጭልፋውን የት እንሰቅላለን?" አሉና ፈቀዱልኝ። ፈቀዱልኝ ማለት ቢመከር ይመከር፣ ባይመከር መከራ ይምከረው ዓይነት ነው።

ቤት ሳደርሳት ሚስቴ ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ምን አግኝቷት ነው የሞተችው?" አለች።

"አልሞተችም።"

"እንግዲያው አልተነገራትም።"

እንዲህ ናት ሚስቴ፤ አንድ ቀን በምላሷ ተሸንፋልኝ አታውቅም። መንዳቱን ከሆነ በወጣትነቴ በኪራይ ብስክሌት ተምሬዋለሁ፤ ጉልበቴም መሬት ሲረግጥ ነው እንጂ ሲተጣጠፍ ብዙ አያመኝም። መጠገን ግን፣ ወላሂ፣ ብሎን ወደየት እንደሚዞር እንኳ አስቤበት አላውቅም። ከጎረቤት ኪያቬና ካቻቢቴ ተዋስኩና ግቢ ውስጥ ጆንያ ዘርግቼ ጀመርኩ።

ጀማሪ መፍታት ይወዳል። ሲፈታ ዋል ቢሉት አይጠግብም፤ እያንዳንዱ ብሎን ሲላቀቅ ያወቀ ይመስለዋል። የቀኙን ፔዳል ፈታሁት። የግራው ግን አሻፈረኝ አለ። እንደ ቀኙ አዞርኩት፣ ዘይት አንጠባጠብኩበት፣ በድንጋይ ቀጠቀጥኩት፤ ይብስ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፣ ይታወቅልኝ። በንዴት ኪያቬውን በእግሬ ወደ ወዲያ ብለጋው ፍትልክ አለ። ለካስ የግራ ፔዳል ከሰው ሁሉ በተቃራኒ ነው የሚፈታው። ያን ቀን የቁጣን ጥቅም አየሁ፤ ሚስቴን ጠርቼ ብነግራት "ሁለተኛ እንዳይለምድብህ" አለችኝ።

የኋላውን ጎማ ኩሽኔታ ስከፍተው አተር የሚያህሉ የብረት ፍሬዎች ዝርግፍ አሉ። ለቃቅሜ ጣሳ ውስጥ ሳስገባ የሚስቴ ቀይ ዶሮ መጣችና አንዱን ዋጥ አደረገችው። ቢላ ላመጣ ተነሣሁ። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ "እሷን ካረድህ ብስክሌትህን እኔ ነኝ የምቀብርልህ" አለች። ዕንቁላል ጣይ ናት፣ እውነቷን ነው። ዶሮዋም ምንም አልሆነችም፤ ምናልባት እስከ ዛሬ ኩሽኔታዬን ይዛው ትዞራለች። እኔ ግን አንድ የብረት ፍሬ ፍለጋ የመርሳን ጋራዦች ዞርኩ። በመጨረሻ አንዱ መካኒክ ከወዳደቀ ብረት መሀል ፈልጎ ሰጠኝ፤ ካቴናውን የምዘፈዝፍበት የተቃጠለ ዘይትም ጨመረልኝ።

ከዚያ ጎማው መጣ። ጎማ ቁጥር እንዳለው አላውቅም፤ ቸርኬውን ዙሪያውን በሲባጎ ለክቼ ሲባጎውን በር ላይ አንጠለጠልኩት። በማግስቱ እሱን ኪሴ ከትቼ፣ ስንት ሰዓት ጠብቄ ባገኘሁት ሚኒባስ በሲሪንቃ አድርጌ ወልድያ ወጣሁ። ባለ ሱቁ ሲባጎውን እያጠማዘዘ አየና አንድ ጎማ አወጣልኝ። አነስ አለብኝ። ግን አዋቂ ለመምሰል "እሱ ነው" አልኩ። ቤት ገብቼ ብሞክረው ቸርኬው ላይ ጭራሽ አይወጣም፤ የሕፃን ብስክሌት ጎማ ነው። ለካስ ሚስቴ ብረት የምትውጠዋን ዶሮ ከኔ ዕቃ ላርቅ ብላ፣ ከሲባጎው ላይ ቆርጣ እግሯን አስራበታለች።

"ላንተ ብዬ ነው" አለች።

ምን ይባላል። ለኔ ብላ ነው። በቀጣዩ ጉዞ ሲባጎም ገመድም አላመንኩም፣ ቸርኬውን ራሱን ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ቀሪው የት ሄደ እያለ ሲስቅብኝ ወልድያ ደረስን። ስመለስ ግን ሁለት ልክ የሆኑ ጎማዎች ትከሻዬ ላይ ነበሩ፤ የሳቁብኝም እንኳ አብሽር፣ አይዞህ አሉኝ።

ዝገቱን በአሸዋና በሎሚ ነው ያወረድኩት። ሎሚ አይጠፋኝም። እጄ ተቃጠለ፣ ጥፍሬ ጠቆረ፣ ሚስቴ ከገበታ ልታስነሣኝ ደረሰች። ብረቱ ግን እያበራ መጣ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ቀለም ነበረው፣ ማን ያውቅ ነበር። ከዚያ ሁለተኛ ዝገት እንዳይነካት ብዬ ያየሁትን ብረት ሁሉ ግራሶ ቀባሁ። ኩሽኔታውን ቀባሁ፣ ካቴናውን ቀባሁ፣ መሪውን ቀባሁ፣ ቸርኬውንም ዙሪያውን ቀባሁት፤ ፀሐይ ላይ ሲያበራ ደስ ሲል። ሚስቴ "ሙሽራ አስመሰልካት" አለች፣ እኔም ምስጋና መሰለኝ። ብስክሌት የሚቆመው የፍሬኑ ጎማ ያንኑ ቸርኬ ጭምቅ አድርጎ ሲይዝ መሆኑን አላሰብኩም። ግራሶ የተቀባ ነገር ማን ይይዘዋል።

ገልብጬ አቁሜ ፔዳሉን በእጄ ባዞረው፣ የኋላ ጎማዋ ያለ ድምፅ ዞረች። ዞረች፣ ዞረች፣ አልቆምም አለች። ሚስቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስክትቆም ድረስ አየቻት። ከደስታዬ ብዛት እግሬን ረሳሁት። በዚህ ዕድሜዬ፣ አንድም ቀን ያልሠራሁትን ነገር፣ በራሴ እጅ ሠራሁት።

ረመዳን ሊገባ ተቃርቧል። ባዶ አንገቴን ብነዳት ሙከራ አይሆንም፤ ጥሩምባው ከጉልበቴ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ማየት አለብኝ። ዕቃ ቤቱ ወስጃት ጥሩምባውን ከምስማሩ አውርጄ ባንገቴ ሳጠልቅ አብራኝ የመጣችው ሚስቴ "ይኼን ነገር ተው" አለች።

"ልሞክረው እንጂ ልነፋው ነው?"

ዋርካው ሥር ሄዳ ቁጭ አለች። ቁጭ ስትል መፍራት ነበረብኝ።

ጠዋት ነው፣ መንገዱ ከዕቃ ቤቱ ደጅ እስከ ወንዙ ቁልቁል ነው። ወጣሁና ረገጥኩ። አቤት ደስታ። ለወራት እያነከስኩ ያለፍኩበትን መንገድ ንፋስ ፊቴን እየመታኝ አለፍኩበት። የመጀመሪያው ጎጥ ጋ ልቀንስ ብዬ ፍሬን ያዝኩ፤ ምንም። ሁለቱንም ጨመቅኩ፤ ባሰባት። በሰውና በፍየል መሀል "ዘወር በሉ" እያልኩ አለፍኩ፤ ጥሩምባው ደረቴ ላይ ይንቀለቀላል። ከበስተኋላዬ አንዲት ሴት ጩኸቷን ስታቀልጠው ሰማሁ። ሁለተኛው ጎጥ ጋ ገብስ የሚያበጥሩ ሰዎች መንሻቸውን ጥለው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ያን ጊዜ ገባኝ። ላስረዳ ብል እንዴት ልቁም። ቅሬውን በሙሉ ላልሞተ ሰው እየጠራሁት ነው።

ያቆመኝ የወንዙ አሸዋ ነው። ብስክሌቷ ተሰካች፣ እኔ በመሪው ላይ አልፌ ተዘረርኩ። ቀና ስል ከማዶ፣ ሽንኩርት ማሳቸው ውስጥ አካፋ ይዘው የቆሙት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ እኒያ ሽማግሌ። ያን ቀን የመስኖ ውሃ ተራቸው ነው። የውሃ ተራ ያለበት ሰው ቤቱ ቢቃጠል አይሄድም፣ ካለፈው መልሶ እስኪደርሰው ሽንኩርቱ ይደርቃል። ጥሩምባውን አዩ። አንድ አካፋ ጭቃ ቦዩ አፍ ላይ ጫኑ፣ ውሃውን ለጎረቤታቸው ለቀቁ፣ አካፋውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወንዙን ተሻገሩ፤ የጎጣቸው ሰውም ጥሩምባውን ከየማሳው አይቶ በሌላው መሻገሪያ ወጣ።

"አባቴ፣ ሰው አልሞተም" አልኩ።

ዞረው አላዩኝም፤ ድሮስ መቼ ያናግሩኛል። ዳገቱን ይዘው ሄዱ። እኔም ከብስክሌቷ ሥር ወጥቼ እየገፋኋት ተከተልኩ፤ ጉልበቴ ተነሥቶብኝ ነበርና ልደርስባቸው አልቻልኩም።

ዋርካው ሥር ስደርስ አገር ተሰብስቧል። የድንኳኑ ካስማ ተመቷል፣ ሴቶቹ ድስት ጥደው የንፍሮ ስንዴ አፍስሰዋል፣ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ማን እንደጎደለ ለማወቅ እርስ በርስ ይተያያሉ። ሚስቴ መሀል ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

"ለምን አልነገርሻቸውም?" አልኳት ቀስ ብዬ።

"የቅሬ ነገር የሚነግረው ለፋፊው ነው አይደል? መጥቶ ይንገራችሁ አልኳቸው።"

ሰብሳቢው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ፊት ወጡ። "ማን ነው ያረፈው?" አሉኝ።

"ማንም።"

"ምን?"

"ማንም አልሞተም። ብስክሌቷን ልሞክር ወጥቼ ፍሬን እምቢ ብሎኝ ነው። አንድ ቃል አልለፈፍኩም።"

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ተንጫጫ። አንዱ ገብሱን ንፋስ በተነበት፣ አንዷ ልጇን ለጎረቤት ጥላ መጥታለች። ወጣቶቹ ሳቃቸውን አፍነው ወደ ዛፉ ጀርባ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። በቅሬ የውሸት ጥሪ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ዛሬ በውሸት የተጠራ ሰው ነገ በእውነት ሲጠራ ይቀራል። ሰብሳቢው ፊታቸው ጠቁሮ እጃቸውን ዘረጉ። "ጥሩምባውን አምጣ" አሉ።

አወለቅሁት። እንዲህ የቀለለ ነገር ሲወልቅ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላስብም ነበር። ሰጠኋቸውና ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ብስክሌቷን ሠርቼ ጥሩምባዬን አጣሁ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው አካፋቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሰው ሁሉ ወደሳቸው ዞረ፤ የእህታቸው ቀብር እንዴት እንዳመለጣቸውም፣ ዛሬ የውሃ ተራቸውን ጥለው እንደመጡም የማያውቅ የለም። እኔ በልቤ እንግዲህ አለቀልኝ አልኩ።

እሳቸው ግን ወደኔ አልዞሩም። "ድንኳኑ ሲተከል እኔ ነበርኩ?" ብለው ሰብሳቢውን ጠየቁ።

"ነበሩ እንጂ። ካስማውን የመቱት አንቱ አይደሉም ወይ።"

"ከኛ ጎጥ የቀረ ሰው አለ?"

ሰብሳቢው ዙሪያውን አዩ። "የለም፣ ሁሉም መጥቷል። እንዲያውም ከሰፈሩ ሰው ብዙውን ቀድማችሁታል" አሉ።

"እንግዲያው ዛሬ ሰው ሞቶ ቢሆን ኖሮ አፈር አለብስ ነበር።"

ሽማግሌው ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።

"ማንም አልሞተም ነው ያልከው?"

"ማንም አልሞተም አባቴ።"

"ታዲያ ምን ያስቆጣችኋል፣ አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቅሬ ተሰብስቦ ሬሳ የታጣበት ቀን ዛሬ ገና አየሁ።"

ከዛፉ ጀርባ ያሉት ሳቃቸውን ለቀቁት። ቀጥሎ ሴቶቹ፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ፣ በመጨረሻ ሰብሳቢው ራሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ንፍሮው ሲበስል ሳናለቅስ በላነው። ያለ ለቅሶ የተበላ የቅሬ ንፍሮ እንዲህ እንደሚጥም የሚያውቅ የኛ ቅሬ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቅጣት አልቀረልኝም፤ ለመጪው ሐዘን ውሃውን እኔ እንድቀዳ ተፈረደብኝ፣ በደስታ ተቀበልኩ።

ሰው መበተን ሲጀምር ሽማግሌው ጥሩምባውን ከሰብሳቢው እጅ ወሰዱ። ሰብሳቢውም አልከለከሏቸውም። መጥተው በአንገቴ አጠለቁልኝና ብስክሌቷን ጎንበስ ብለው አዩዋት፤ በጣታቸው ቸርኬውን ነክተው ግራሶውን አዩት።

"ይኼን ጥረገው" አሉኝ።

"እሺ አባቴ።"

አካፋቸውን አነሡ፣ ሊሄዱ ሲሉ ቆም አሉ። "ልጆቼ ከዚህ ራቅ ብሎ ግራና ከተማ ናቸው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የኔ ቀን ሲመጣ በጊዜ ድረስላቸው።"

"እደርስላቸዋለሁ" አልኳቸው።